የሚታረም ስሕተትና የማይታረም ስሕተት፦ በውስን ገንዘብ የጠመንጃ መነጽር ስለ መምረጥ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ)



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ማለታችሁን ሰምቻለሁ። የፊዚክስ መምህር ስለ ጠመንጃ መነጽር ምን አገባው? በዚያ ላይ የምናገረው ስለ እኛ አገር አይደለም። በእኛ አገር የጦር መሣሪያም ሆነ የዱር እንስሳ አደን በሕግ የተገደበ ነው፤ ገበሬያችንም ዝንጀሮና ጦጣ ከሰብሉ የሚያባርረው ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍና በጅራፍ ነው። የምናገረው ለሦስተኛ ዲግሪዬ በኖርሁበት በአሜሪካ፣ በደቡብ ዳኮታ ምዕራባዊ ሜዳ ላይ ስላየሁት ነገር ነው። ርእሱን የመረጥሁት ግን ለሥራችን የሚሆን ትምህርት ስላገኘሁበት ነው፤ ትምህርቱን ያገኘሁትም ከራሴ ስሕተት ነው።

በዚያ ሜዳ ፕሬሪ ዶግ የሚባል እንስሳ አለ። ስሙ «የሜዳ ውሻ» ማለት ቢሆንም ወገኑ ከአይጥና ከጃርት ነው። ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ጉድጓድ ቆፍሮ በመንጋ ይኖራል፤ በጉድጓዱ አፍ ላይ በሁለት እግሩ ቆሞ አካባቢውን ይቃኛል። ከብት አርቢው ሣሬን ይበላብኛል፣ መሬቴን ይቦረቡርብኛል ይለዋል። የሥነ ምኅዳር ምሁሩ ደግሞ የብዙ ፍጥረት ምሰሶ ነው ይለዋል፤ ጥቁር እግር ፌሬት የሚባለው ብርቅ አዳኝ እንስሳ ኑሮው በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ጉድጓድ ነዋሪዋ ጉጉትም እርሱ በቆፈረው ጉድጓድ ትጠለላለች። በዩታ ግዛት የሚገኘው ዝርያው በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ነው። ስለዚህ ከማንኛውም መነጽር በፊት የሚመጣው ሕጉን ማወቅ ነው። ይህን ክርክር ዛሬ አልዳኝም። ሕጉ ፈቅዶለት ለመተኮስ የወሰነ ሰው ግን አንድ ግዴታ አለበት፤ እንስሳውን ሳያሠቃይ በአንድ ጥይት መግደል፣ አለዚያም ቃታውን አለመሳብ። የመነጽሩም ጉዳይ የሚመዘነው በዚህ ግዴታ ነው።

አንድ ምክርና ውጤቱ

ቤታቸውን ያከራዩኝ ሰው ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ከብት አርቢ ነበሩ። ሁለት መቶ ሃያ ሦስት ሬሚንግተን የሚባለውን ትንሽ ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ነበራቸው። አንድ ቀን፦ «አንተ የምታጠናው የሌንስን ነገር አይደለምን? በ250 ዶላር የሚገኘውን የተሻለ መነጽር ምረጥልኝ» አሉኝ። እኔም የሰው ፊት ያየሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥሁ፤ የሌንሱን ስፋት፣ የማጉላት ኃይሉን፣ የሚያስገባውን ብርሃን አሰላሁ። በመጨረሻም ከ6 እስከ 24 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ መነጽር መረጥሁላቸው። በዚያ ዋጋ ያን ያህል ቁጥር የሚሰጥ ሌላ አልነበረም።

ሱቅ ውስጥ ስንመለከትበት ምስሉ መልካም ነበር። ወረቀት ላይ አነጣጥረው ሲያስተካክሉትም ጥይቱ ካለሙበት ገባ። በማግስቱ አብረን ወደ ሜዳው ወጣን። ወደ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የቆመ አንድ እንስሳ አዩ፤ የመነጽሩን ማስተካከያ ለርቀቱ የሚገባውን ያህል አዙረው፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ተኮሱ። እንስሳው አልሞተም። የኋላ እግሮቹን እየጎተተ ወደ ጉድጓዱ ገባ፤ ከዚያ በኋላ የምናደርገው አልነበረም። ሽማግሌው ጠመንጃቸውን አራግፈው ወደ መኪናቸው ተመለሱ፤ እስከ ቤት ድረስም ቃል አልተናገሩም። ያ ዝምታ ከወቀሳ ይልቅ ከብዶኝ ነበር።

በሳምንቱ መነጽሩን በመቶ ሜትር ላይ በወረቀት ፈተንነው። አምስት ጥይት ተኮስን፤ በአንድ ስፍራ ተሰበሰቡ። ማስተካከያውን ሃያ እርምጃ ወደ ላይ አዙረን እንደገና ሃያ እርምጃ መለስነው፤ ከዚያም አምስት ተኮስን። የኋለኞቹ አምስት ጥይቶች እንደ ፊተኞቹ ተሰብስበው ገቡ፤ ነገር ግን ከፊተኞቹ አንድ መዳፍ ያህል ርቀው ነበር። ማስተካከያው ወደ ነበረበት አልተመለሰም ማለት ነው። ሌላ ጊዜ ስንደግመው ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ሄደ። እኔ ሌንሱን አስልቼ ነበር፤ ሌንሱን የሚሸከመውን ብሎንና ሞላ ግን ከቁም ነገር አልቆጠርሁትም።

በቱቦው ውስጥ ያለው ነገር

ነገሩን ለመረዳት የመሣሪያውን አሠራር በአጭሩ እንመልከት። የጠመንጃ መነጽር በመሠረቱ ዮሐንስ ኬፕለር በ1611 ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው ቴሌስኮፕ ነው። የፊት ሌንሱ የሩቁን ነገር ምስል በቱቦው ውስጥ ይሥላል፤ የዓይን ሌንሱ ያንን ምስል ያጎላዋል። ምስሉ ተገልብጦ ስለሚታይ በመካከል ሌሎች ሌንሶች ገብተው ያቃኑታል። በቱቦው ውስጥ እውነተኛ ምስል የሚያርፍበት ጠለል መኖሩ ትልቅ ጥቅም አለው፤ በዚያ ጠለል ላይ የመስቀል መስመር ቢዘረጋ ከሩቁ ዒላማ ጋር እኩል ጠርቶ ይታያል። ይህን በ17ኛው መቶ ዘመን በመጀመሪያው አጋማሽ የተረዳው እንግሊዛዊው ዊልያም ጋስኮይን ነበር። በቴሌስኮፑ ውስጥ ሸረሪት ድሯን ስታደራ አይቶ ነው ተብሎ ይተረካል።

ምስሉን የሚያቃኑት ሌንሶች በትልቁ ቱቦ ውስጥ በተንጠለጠለ ሌላ ትንሽ ቱቦ ተይዘዋል። ከላይና ከጎን ያሉት ማስተካከያዎች ይህን ትንሽ ቱቦ የሚገፉ ብሎኖች ናቸው፤ በተቃራኒው ወገን ደግሞ ሞላ መልሶ ይገፋዋል። አንዱ እርምጃ በአብዛኛው የማዕዘን ደቂቃ አንድ አራተኛ ነው፤ ይህም በመቶ ሜትር ላይ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። እንግዲህ አንድ ጥይት በተተኮሰ ቁጥር ጠመንጃው እየተራገጠ፣ ይህ ብሎንና ሞላ ግን ከጸጉር ውፍረት በሚያንስ ልክ ስፍራቸውን ይጠብቁ ዘንድ ይፈለጋል። ሞላው ቢደክም፣ የብሎኑ ጥርስ ሻካራ ቢሆን፣ የቅርቡ መስታወት ምንም ያህል ቢጠራ መስመሩ ይዋዥቃል።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ በመጀመሪያው ዓመት ቤተ ሙከራ የተማራችሁትን አስታውሱ። ስሕተት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሥርዓት ያለው ነው፤ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫና በአንድ መጠን ይመጣል። ሌላው የሚዋዥቅ ነው፤ ዛሬ ወደ ቀኝ፣ ነገ ወደ ግራ ነው። አርባ እርምጃ ብናዞር በመቶ ሜትር ላይ 29 ሴንቲ ሜትር መሄድ የሚገባው መነጽር ሁልጊዜ 27 ብቻ የሚሄድ ቢሆን፣ ጉድለቱን በማስታወሻችን ጽፈን በስሌት እናርመዋለን። አንድ ጊዜ 27፣ አንድ ጊዜ 31 የሚሄድ ከሆነ ግን የሚያርመው ስሌት የለም። ገንዘብ ላነሰው ሰው ዋናው ጥበብ ይህ ይመስለኛል፤ ፍጹም መሣሪያ መግዛት ካልቻልን ስሕተቱ የሚታወቅ መሣሪያ እንግዛ።

ማጉላት ርካሽ ነው

ታዲያ አምራቹ በዝቅተኛ ዋጋ ያን ሁሉ ቁጥር እንዴት ሊሰጠን ቻለ? መልሱ ቀላል ነው፤ ማጉላት ርካሽ ነው። የማጉላት ኃይል የሁለት የትኩረት ርቀቶች ንፅፅር ስለሆነ የሌንሱን ጥምዝ በመለወጥ ብቻ ይገኛል። የሚያስወጣው ያጎላነው ምስል ጥርት ብሎ እንዲታይና በስፍራው እንዲጸና ማድረግ ነው።

ማጉላትም ወሰን አለው። ጤናማ የሰው ዓይን በአንድ የማዕዘን ደቂቃ የተራራቁ ነጥቦችን ይለያል። ብርሃን ማዕበል በመሆኑ ግን 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሌንስ፣ እንከን የለሽ ቢሆን እንኳ፣ ከ3.5 የማዕዘን ሰከንድ በታች የሆነውን መለየት አይችልም። ስድሳውን ለ3.5 ብናካፍል 17 ገደማ እናገኛለን። ስለዚህ ከ17 ወይም ከ20 ጊዜ በላይ ማጉላት በዚህ ሌንስ አዲስ ነገር አያሳየንም፤ ያንኑ ብዥታ ያሰፋልናል። በበጋ እኩለ ቀን ደግሞ ከሜዳው የሚነሣው ወላፈን ምስሉን ስለሚያርገበግበው የሚጠቅመው ማጉላት ከዚህም ያንሳል። ሽማግሌው በመጀመሪያው መነጽር ከ12 በላይ የተጠቀሙበት ጊዜ ጥቂት ነበር፤ ለ24ቱ ግን ከፍለዋል።

የሌንስ ስፋትም እንዲሁ ነው። የሌንሱን ስፋት በማጉላት ኃይሉ ብናካፍል ወደ ዓይናችን የሚወጣውን የብርሃን ክብ ስፋት እናገኛለን። 40 ሚሊ ሜትር በ16 ሲካፈል 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። በጠራራ ፀሐይ የዓይናችን ብሌን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚከፈት ይህ በቂ ነው፤ ፕሬሪ ዶግ ደግሞ የቀን እንስሳ ነው። በምሽት ኮዮት የሚጠብቅ ሰው ሰፋ ያለ ክብ ያስፈልገዋል፤ እርሱም ያንኑ 40 ሚሊ ሜትር ይዞ ማጉላቱን ወደ 8 ቢያወርድ 5 ሚሊ ሜትር ያገኛል፤ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ብሌን በጨለማም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይሰፋም። ከዚህ የሰፋ ሌንስ ክብደትና ዋጋ ይጨምራል፤ መነጽሩ ከአፈሙዙ ከፍ ብሎ እንዲታሰር ያስገድዳል፤ ተኳሹም ጉንጩን ከሰደፉ ላይ ያነሣል። ስለ ቱቦው ውፍረትም አንድ ቃል ልጨምር፤ 30 ሚሊ ሜትር ቱቦ ከ25.4 ሚሊ ሜትሩ ይልቅ ብርሃን ያስገባል የሚባለው ልማዳዊ አባባል ነው። ብርሃኑን የሚወስነው የፊት ሌንሱ ነው፤ ወፍራሙ ቱቦ የሚሰጠው ሰፋ ያለ የማስተካከያ ስፍራ ነው።

ገንዘቡ የት ይዋል?

ከጽናት ቀጥሎ ገንዘብ የሚገባው ቅቡ ነው። ቅብ የሌለው መስታወት ብርሃን በገባበትና በወጣበት ገጽ ሁሉ 4 በመቶ ያህሉን መልሶ ያንጸባርቃል። በአንድ መነጽር ውስጥ እንዲህ ያሉ ገጾች 12 ቢሆኑ ወደ ዓይን የሚደርሰው 61 በመቶ ብቻ ነው። በነጠላ ቅብ የእያንዳንዱ ገጽ ብክነት ወደ 1.5 በመቶ ቢወርድ 83 በመቶ፣ በብዙ ንብርብር ቅብ ወደ ግማሽ በመቶ ቢወርድ 94 በመቶ ይደርሳል። የሚበልጠው ጉዳት ግን የብርሃኑ ማነስ አይደለም፤ የተንጸባረቀው ብርሃን በቱቦው ውስጥ ተበትኖ በምስሉ ላይ እንደ ጉም መጋረዱ ነው። ይህን ችግር የፈታው በዜይስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱ የተመዘገበው በ1935 ነው። ዛሬ ገዢው በሳጥኑ ላይ ማንበብ ያለበት አንድ ሐረግ አለ፤ «ፉሊ መልቲ-ኮትድ» ማለት አየር የሚነካው የመስታወት ገጽ ሁሉ ብዙ ንብርብር ቅብ አለው ማለት ነው። «ኮትድ» ብቻ ከሆነ አንዱ ገጽ ብቻ አንድ ጊዜ ተቀብቶ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ሜዳ ላይ ጥራት የውበት ጉዳይ አይደለም። ቀደም ብዬ የጠቀስኋት ጉጉት በዚያው በጉድጓዱ አፍ ላይ ትቆማለች፤ ቁመቷም ከእንስሳው ብዙ አይለይም፤ እርሷን መግደል ደግሞ ወንጀል ነው። በጉም በተጋረደ ምስል ሁለቱን ማሳሳት ይቻላል። ለመለየት ግን የጠመንጃው መነጽር ትክክለኛው መሣሪያ አይደለም፤ ምን እንደሆነ ገና ወዳላወቅነው ነገር አፈሙዝ ማቅናት ነውና። ስለዚህ ከበጀቱ ላይ ለመጠነኛ የእጅ መነጽር ማስቀረት ይገባል።

ሦስተኛው ፓራላክስ ነው። ምስሉና የመስቀል መስመሩ በአንድ ጠለል ላይ የሚያርፉት በአንድ የተወሰነ ርቀት ብቻ ነው። ከዚያ ርቀት ውጭ ዓይናችን ከመሐል ፈቀቅ ባለ ቁጥር መስመሩ በዒላማው ላይ ይንሸራተታል። ለመቶ ሜትር የተቃኘ፣ የፊት ሌንሱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ መነጽር በሁለት መቶ ሜትር ላይ እስከ 2 ሴንቲ ሜትር፣ በሦስት መቶ ሜትር ላይ እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ሊያሳስት ይችላል። አጋዘን ለሚያድን ሰው ይህ ከቁም ነገር አይገባም። ጠቅላላ ደረቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር በሆነ እንስሳ ላይ ግን በመግደልና በማቁሰል መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚገዛ መነጽር የፓራላክስ ማስተካከያ ሊኖረው ይገባል፤ በፊት ሌንሱ ዙሪያ የሚዞረው ዓይነት ከጎን ከሚዞረው ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ሥራውም አንድ ነው።

የመስቀል መስመሩም ስፍራ በዋጋው ላይ ይገባል። መስመሩ በፊተኛው የትኩረት ጠለል ላይ ከሆነ ምስሉ ሲያድግ አብሮ ይወፍራል፤ በኋለኛው ላይ ከሆነ ውፍረቱ ለዓይን አይለወጥም። ለትንሽ ዒላማ ቀጭኑ ይሻላል፤ ግማሽ የማዕዘን ደቂቃ የሚወፍር መስመር በሦስት መቶ ሜትር ላይ ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሸፍናል። የኋለኛው ጠለል መነጽር ደግሞ በአሠራሩ ቀላል፣ በዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ማጉላቱ የማይለወጥ መነጽር ከሆነ የሚንቀሳቀሱት አካላት ከዚህም ያንሳሉ፤ በዚያው ገንዘብ የተሻለ ሥራ ይገኝበታል።

ሁለተኛው ምርጫ

አዳኞች «ለጠመንጃው ያወጣኸውን ያህል ለመነጽሩ አውጣ» የሚል አባባል አላቸው። እኔ አልቀበለውም። ዋጋ ልምድን እንጂ ሥራን አይለካም። ከ90 ዓመት በፊትም ቢሆን ነገሩ እንዲህ አልነበረም፤ ዊልያም ዊቨር በ1930 የሠራው 330 የተባለው መነጽር ማሰሪያውን ጨምሮ በ19 ዶላር ይሸጥ ነበር። ማጉላቱ ሦስት ጊዜ እንኳ በቅጡ አይሞላም፤ ሆኖም ብዙ ተራ አዳኞችን ከመነጽር ጋር ያስተዋወቀ እርሱ ነው።

ሽማግሌው የመጀመሪያውን መነጽር መልሰው ገንዘባቸውን ተቀበሉ። በሁለተኛው ጊዜ ከጥያቄው ጀመርን፤ ምን ያህል ርቀት? በየትኛው ሰዓት? በምን ያህል ዒላማ ላይ? ከዚያ ከ4 እስከ 12 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ሁሉም ገጹ የተቀባ፣ የፓራላክስ ማስተካከያ ያለው መነጽር መረጥን። ዋጋው ከበጀቱ በታች ስለነበር ትርፉን ለጠንካራ ማሰሪያ ቀለበት አዋልነው፤ የላላ ቀለበት ውዱንም መነጽር ውሸታም ያደርገዋልና።

ከዚያ በፊት ያላደረግነውን አደረግን። በሱቁ ደጃፍ የጨለመ የጣሪያ ጠርዝ በብሩህ ሰማይ ላይ አየን፤ ጠርዙ ሐምራዊ ቀለም እንዳያበዛ ተመለከትን። በመተኮሻው ስፍራ መነጽሩን በአራት ማዕዘን ፈተንነው፤ ሃያ እርምጃ ወደ ላይ፣ ሃያ ወደ ቀኝ፣ ሃያ ወደ ታች፣ ሃያ ወደ ግራ፤ በየማዕዘኑ ተኮስን፤ የመጨረሻው ጥይት ከመጀመሪያው ጋር ገጠመ። ሦስት ጊዜ ደገምነው። እያንዳንዱ እርምጃ ከተባለው በጥቂቱ ያንስ ነበር፤ ሽማግሌው ጉድለቱን በትንሽ ወረቀት ጽፈው በሰደፉ ላይ ለጠፉት። ያን ወረቀት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ለእኔ ከመነጽሩ ይልቅ የሚበልጠው እርሱ ነበር።

በዚያ በጋ አብሬያቸው ብዙ ጊዜ ወጣሁ። ከሁሉ ያስተዋልሁት የተኮሱትን ሳይሆን የተዉትን ነው። ወላፈኑ ሲበረታ፣ ነፋሱ ሲለዋወጥ፣ መነጽሩ ጉጉት ይሁን ሌላ በግልጽ ሳያሳያቸው ሲቀር ጠመንጃቸውን ያስቀምጡ ነበር። የመሣሪያቸውን ወሰን አውቀውታልና።

ውድ ተማሪዎች፤ ነገ ጥዋት ወደ ቤተ ሙከራችን ስትገቡ የምታገኟቸው መሣሪያዎች ምርጦቹ አይደሉም። አንዳንዱ ሚዛን ያደላል፤ አንዳንዱ ማይክሮስኮፕ ዕድሜው ከእናንተ ይበልጣል። ብዙ ጊዜ በግዥ ኮሚቴ ስቀመጥ በዚያን ጊዜ የሠራሁትን ስሕተት እንዳልደግም እጠነቀቃለሁ፤ ትልቁን ቁጥር የያዘው ካታሎግ ዓይን ይስባልና። ከሻጩ መጠየቅ ያለብን፦ «ምን ያህል ያጎላል?» ብለን ሳይሆን፦ «ነገም እንደ ዛሬው ይነግረኛልን?» ብለን ነው። ያደላውን ሚዛን በታወቀ ክብደት ፈትናችሁ ጉድለቱን ጽፋችሁ ከለጠፋችሁበት ታማኝ መሣሪያ ነው። ጉድለቱን ያልፈተናችሁት አዲሱ መሣሪያ ግን ገና አይታመንም።

 አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።